ለአስትሮኖሚ ፋይናል እንዴት ልዘጋጅ? ትምህርቱስ ሥራ ያስገኛል?

ውድ እህታችን፣

የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ተማሪ እንደሆንሽ፣ ለአስትሮኖሚ መግቢያ ኮርስ የመምህሩን ስላይዶች በሙሉ በቃልሽ ይዘሽ ብትገቢም የሚድ ውጤትሽ ከግማሽ በታች እንደሆነ፣ ለፋይናሉ ሦስት ሳምንት ብቻ እንደቀረሽና ሥራ ለማያስገኝ ትምህርት መድከም ይገባ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አብረሽ የላክሽልኝን የሚድ ጥያቄዎች በጥንቃቄ ተመልክቻለሁ። ከእነዚህ መካከል ትርጉም ጻፊ የሚሉት ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላው ምን እንደሚሆን የሚጠይቁ ናቸው። ስለዚህ የጎደለሽ ትጋት አይደለም፤ ጊዜሽን ያዋልሽው ፈተናው በማይመዝነው ነገር ላይ ነው።

ኮርሱ ማለቂያ የሌለው የሚመስለው የከዋክብቱና የፕላኔቶቹ ስም ስለሚበዛ ነው እንጂ የሚመራባቸው ሕጎች ጥቂት ናቸው። ለምሳሌ የኬፕለርን ሦስተኛ ሕግ ብንወስድ፣ አንድ ፕላኔት ፀሐይን ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ በዓመት ተለክቶ ስኩዌር ሲደረግ፣ ከፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት በአስትሮኖሚካል ዩኒት (ምድር ከፀሐይ ባላት አማካይ ርቀት) ተለክቶ ኪዩብ ሲደረግ ከሚገኘው ቁጥር ጋር እኩል ይሆናል። ጁፒተር 5.2 አስትሮኖሚካል ዩኒት ርቀት ላይ እንዳለ ካወቅሽ፣ አንድ ዙር ለመጨረስ 12 ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት ራስሽ ታገኚዋለሽ፤ የሌሎቹንም ሠንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልግሽም። የከዋክብት ምዕራፍም እንዲሁ ነው። የአንድ ኮከብ የብርሃን ኃይል በራዲየሱ ስኩዌርና በገጽ ሙቀቱ አራተኛ ፓወር ይወሰናል፤ ስለዚህ ሁለት ከዋክብት እኩል ሙቀት ኖሯቸው አንዱ 100 እጥፍ ኃይል ቢያመነጭ፣ ራዲየሱ 10 እጥፍ መሆኑ ግድ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በእጅሽ የሠራሽ እንደሆነ፣ ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ቀዝቃዛ ሆነው ሳለ ለምን በኤችአር ዲያግራም (የከዋክብትን ሙቀትና የብርሃን ኃይል በሚያነጻጽረው ሥዕል) ላይኛው ክፍል እንደተቀመጡ ማንም ሳይነግርሽ ይገባሻል። በማግኒቲውድ (የኮከብ ብሩህነት መለኪያ) ጥያቄዎች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይበልጥ ብሩህ እንደሆነና የ5 ማግኒቲውድ ልዩነት የ100 እጥፍ ልዩነት እንደሆነ ልብ በዪ፤ ብዙ ተማሪዎች ሒሳቡን አውቀው ነጥብ የሚያጡት እዚህ ላይ ነው።

የጨረቃን ገጽታዎች ያጠናሽው በምስል እንደሆነ ነግረሽኛል። ምስሉን አስቀምጪና በእኛ ሰዓት አቆጣጠር አስቢው። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ተቃራኒ ስለሆነች ማታ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ የመጀመሪያ ሩቧ ጨረቃ ግን ቀን 6 ሰዓት ገደማ ወጥታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከፍታዋ ላይ ትደርስና እኩለ ሌሊት ገደማ ትጠልቃለች። ቀጭን ጨረቃ በእኩለ ሌሊት ለምን እንደማትታይ ያለ ሥዕል ማስረዳት ከቻልሽ ምዕራፉን አውቀሽዋል ማለት ነው። የወቅቶች መፈራረቅም በርቀት ምክንያት እንዳልሆነ እርግጠኛ ሁኚ፤ ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው ከገና በዓላችን ጥቂት ቀናት አስቀድሞ፣ አውሮፓ በብርድ ላይ ሳለች ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ምሳሌዎች በአብዛኛው ለሰሜን አገሮች የተጻፉ ስለሆኑ፣ እያንዳንዱን ለአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን መልሰሽ ሥሪው፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀጥታ ከአናት በላይ ታልፋለች።

ሥራን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፤ በአገራችን በአስትሮኖሚ ተመራማሪነት ብቻ የሚገኝ የሥራ ቦታ ጥቂት ነው። በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ በዙሪያቸው የሚሠሩት ግን ብዙ አይደሉም። ሰፊው በር የሳተላይት መረጃ ትንተና ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ያመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት የተሠራው ምድርን ለመቃኘት ነበር፤ ከእንዲህ ያሉ ሳተላይቶች የሚገኝ ምስል ደግሞ በግብርና፣ በውኃ ሀብትና በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ይውላል። ጤነኛ ሰብል ቀዩን ብርሃን ውጦ በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ በብዛት ስለሚያንጸባርቅ፣ ባለሙያው የሰብሉን ሁኔታ ከሁለቱ ንጽጽር ያነባል። ይህ አሁን ከባድ የሆነብሽ የስፔክትረም (ብርሃን በየቀለሙ ተለይቶ የሚጠናበት) ምዕራፍ ነው። ከፋይናሉ በኋላ ፓይተን ፕሮግራሚንግ ብትጨምሪበት፣ ለእነዚህ ሥራዎችም ሆነ ለማስተርስ ማመልከቻ ብቁ የሚያደርግሽ መነሻ ይኖርሻል፤ ስለዚህ ኮርሱን እንድትተዪው አልመክርም።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚድ ወረቀትሽን ከመምህሩ ጠይቀሽ፣ የሳትሻቸውን ጥያቄዎች መልሱን ሳታዪ እንደገና ሥሪ። በሁለተኛው ሳምንት በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ስሌቶች ከአንድ የክፍል ጓደኛሽ ጋር እየተጠያየቃችሁ ሥሩ። በመጨረሻው ሳምንት ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በተወሰነ ሰዓት ብቻሽን ተፈተኚ፤ ስላይዶቹንም ስታርሚ ብቻ ክፈቻቸው። የሚዱን ወረቀት እንደገና ስትሠሪው ያልተፈታልሽ ጥያቄ ካለ የደረስሽበትን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከዚያ ጀምረን እንቀጥላለን።