ከዕለት ዝርዝር መካከል ለሰብሳቢ የሚሆነውን ብር መለየት

ጥያቄ፦ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ብዙ ባለ 5 እና ባለ 10 ብር እጄ ላይ ያድራል። አንዳንዱ ብር ለሰብሳቢዎች ከዋጋው በላይ እንደሚሸጥ ሰምቻለሁ። ሁሉንም ለማገላበጥ ጊዜ የለኝምና ምን ምኑን ልይ?

መልስ፦ ከባለ 5ቱ ይጀምሩ። መስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ሲቀየሩና ባለ 200 ሲጨመር ባለ 5ቱ አልተነካም። ስለዚህ የልዩ ልዩ ዓመት ህትመቶች ዛሬም በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ኖቱ ላይ የኛም የፈረንጆቹም ዓመት ታትሟል፤ ለምሳሌ 1989 እና 1997። መጀመሪያ በዓመት ይለዩ፣ ቀጥለው የብሔራዊ ባንኩን ገዥ ፊርማ ያስተያዩ። የአቶ ተክለወልድ አጥናፉ ፊርማ ለረጅም ዓመታት ሲታተም ስለቆየ በብዛት ይገኛል። ከእርሳቸው በፊት የነበረ ገዥ የፈረመበት ካጋጠመዎት ለብቻው ያስቀምጡት።

ይሁንና ዓመቱ ብቻውን ዋጋ አያወጣም። ከባጃጅ ረዳት እጅ የመጣ፣ አራት ቦታ የታጠፈና ጠርዙ የላላ የ1989 ባለ 5 ብር ያው 5 ብር ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ማዕዘኖቹ ሹል የሆኑ፣ ሲነኩት ድምፅ የሚሰጥና መሐሉ ያልታጠፈ ኖት ነው። አንዲት ቀላል መታጠፊያ እንኳ ደረጃውን ታወርደዋለች። ኖቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት ቀጭን የጥላ መስመር ካለፈበት ታጥፎ ያውቃል ማለት ነው።

ጊዜ ለሌለው ሰው የበለጠ የሚያዋጣው ሴሪያል ቁጥሩን ማየት ነው። ሁሉም አኃዝ አንድ የሆነ (7777777)፣ በተርታ የሚሄድ (1234567)፣ ብዙ ዜሮ ቀድሞት በትንሽ ቁጥር የሚያልቅ (0000018)፣ እንዲሁም ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት የሚነበብ ቁጥር ይፈለጋል። የመጨረሻውን ከባንክ ባወጡት አዲስ እስር ውስጥ ሳይገላልጡ ሊያሰሉት ይችላሉ። ሰባት አኃዝ ባለው ቁጥር፣ ከ000 እስከ 999 በሚሄድ በእያንዳንዱ ሺህ ውስጥ እንዲህ ያለ ኖት አንድ ብቻ አለ። የመጀመሪያዎቹን አራት አኃዞች ይያዙ፤ ከእነርሱ የፊተኞቹን ሦስት ገልብጠው ከኋላ ይቀጥሉ። ቁጥሩ በ3582 የሚጀምር ከሆነ 358 ሲገለበጥ 853 ይሆናል፤ የሚፈልጉት 3582853 ነው ማለት ነው። እስሩ ከ3582801 እስከ 3582900 ከሆነ 53ኛውን ኖት ይሳቡ። እስሩ ከዚህ ክልል ውጪ ከሆነ በውስጡ የለም፤ አይድከሙ። ይህ የሚሠራው ግን ተራው ባልተዛባ አዲስ እስር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የደረሰኝ ባለ 50 ብር ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ፎርጅድ ነው ወይስ የህትመት ስህተት?

መልስ፦ የመስመሩን ዳርና ዳር በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ወረቀቱ ወደ ማተሚያው ሲገባ ተጨማዶ ከነበረ ቀለሙ ከጭምዳጁ ውስጥ አልገባም፤ በኋላ ሲዘረጋ ነጭ ክፍተት ይታያል። እንዲህ ከሆነ የመስመሩ ዳርቻ እንደ ምላጭ የጠራ ነው። ወረቀቱን በዚያው መስመር ቀስ ብለው መልሰው ቢያጥፉት ግራና ቀኙ ሥዕል ይገጥማል። ተፍቆ ወይም በልብስ ኪስ ውስጥ ታጥቦ የለቀቀ ከሆነ ግን ዳርቻው የደበዘዘ ነው፤ የወረቀቱ ጭረትም ተነሥቶ ይታያል፤ ሥዕሉም አይገጥምም፣ መሐሉ ጠፍቷልና።

ሌሎቹንም ስህተቶች በዚሁ መንገድ፣ ከህትመቱ ቅደም ተከተል ተነሥቶ መለየት ይቻላል። ኖት የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ላይ ነው፤ መጀመሪያ ከሥዕሉ ሥር የሚሆነው ስስ ቀለም፣ ቀጥሎ በጣት ሲዳበስ ሻካራ የሚለው ሥዕል፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ በመጨረሻ ቆረጣው። ሥዕሉ መሐል ቆሞ ቁጥሩ ብቻ ቢዛነፍ እውነተኛ የህትመት ስህተት ነው ብለው ሊያምኑ ይችላሉ፤ ቁጥሩ ለብቻው የሚመታ ነውና። በሁለቱ ቦታ ያለው ቁጥር በአንድ አኃዝ ቢለያይ ከቁጥር መምቻው መንኮራኩሮች አንዱ ሳይዞር ቀርቷል ማለት ነው፤ ይህ በእርግጥ ብርቅ ነው። ቁጥር የሌለው ኖት ሲያጋጥምዎት ግን ይጠርጥሩ፤ በጎን ብርሃን ሲታይ የቁጥሩ ቦታ ከሻከረ ተፍቆ ነው።

ቆረጣው ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። በእውነት የተሳሳተ ቆረጣ በአንድ በኩል ሥዕል ሲያጎድል በሌላው በኩል የጎረቤቱን ኖት ቁራጭ ይዞ ይመጣል። ሌላ ባለ 50 ብር ላይ ደርበው ይለኩት፤ ከጎደለ በቀር ምንም ያልተጨመረበት ከሆነ የመቀስ ሥራ ነው። ቀለሙ የተለወጠውም አብዛኛውን ጊዜ በረኪና የነካው ነውና ከዋጋው በላይ አንድ ሳንቲም አይክፈሉበት።

ኖቱ ራሱ ፎርጅድ መሆኑን ከጠረጠሩ ለሌላ ሰው አሳልፈው አይስጡ፤ እያወቁ ማስተላለፍ ወንጀል ነው። ወደ ባንክ ይዘውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከወንጂ ነው የምጽፈው። ከአባቴ ሣጥን የጃንሆይ ምስል ያለበት ባለ 20 ብር አገኘሁ። የተቀደደበት ቦታ በስኮች ተለጥፏል። ስኮቹን አንሥቼ ላሚኔት ላስደርገው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ስኮቹ ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይነሣል፤ ላሚኔት የተደረገውን ደግሞ ማንም ሰብሳቢ አይገዛዎትም፣ ሙጫውና ሙቀቱ ወረቀቱን ለዘለቄታው ይለውጡታልና። በካውያ መተኮስም እንዲሁ ነው፤ መታጠፊያውን ያለሰልሳል እንጂ አያጠፋውም፣ የህትመቱን እብጠት ግን ይደፈጥጣል።

በጃንሆይ ዘመን የወረቀቱ ገንዘብ ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ዶላር» ይላል። በዚያ የመጀመሪያ ህትመት ባለ 20 አልነበረም፤ በኋላ የመጣ ነው። ኖቱ ላይ «የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ» የሚል ካለ፣ ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የወጣ ነው። ለሻጭ ከማሳየትዎ በፊት ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሥተው ይያዙ።

ማስቀመጫው ለስላሳ፣ የሚሸት ፕላስቲክ አይሁን፤ ፒቪሲ የሚባለው ነው፤ በሙቀት እየላበ ኖቱን ያጣብቀዋል፣ በአዳማና በወንጂ ሙቀት ደግሞ ይብስበታል። ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን የሚል ቀጥ ያለ ከረጢት ይፈልጉ። ካጡ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል፣ ሳይታጠፍ፣ ከግድግዳ በራቀ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስተኙት። ከፀሐይም ይጠብቁት።