ከመቁረጡ ጀምሩ፦ የድምፅ ታሪክ በክፍል ውስጥ ለምታስተምሩ ወጣት መምህራን

የተወደዳችሁ ወጣት መምህራን፣

ተማሪዎች የድምፅ ታሪክ፣ ማለትም ሰው አነጋግረው በድምፅ የሚያቀርቡት አጭር ዘገባ፣ እንዲሠሩ ስታስቡ ብዙዎቻችሁ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ መሣሪያው ነው። የአንድ ሰው ስልክ ይበቃል። እኔ ከቀረጻው በፊት የተቀረጸን ድምፅ መቁረጡን አስተምሩ እላለሁ።

አንድ ተማሪ «የጉድጓዱ ውኃ ንጹሕ ነው ብዬ አላምንም» ብሎ ይቀረጽ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ቁረጡና ለክፍሉ አሰሙ። ድምፁ የራሱ ነው፤ ያለው ግን ተገልብጧል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ጅራቱ የተቆረጠ ንግግር ሙሉ መስሎ ይሰማል። ይህ በገዛ ድምፁ የደረሰበት ልጅ፣ በቴሌግራም የ20 ሰከንድ ቅጂ ሲደርሰው ከፊቱና ከኋላው ምን እንደነበር መጠየቅ ይጀምራል። ለመቁረጥ በነጻ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር በቂ ነው።

ቀጥሎ «ተባለ»ን አሳድዱ። ቋንቋችን ተናጋሪውን የሚሸሽግባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፦ ተባለ፣ ተሰማ፣ ነው አሉ፣ ምንጮች እንደገለጹት። ተማሪዎቹ በጽሑፋቸው ውስጥ እነዚህን ያስምሩባቸው፤ ከእያንዳንዱ በላይም ማን እንዳለውና እንዴት እንዳወቀ ይጻፉ። መጻፍ ካልቻሉ ዓረፍተ ነገሩ ይሰረዝ። እዚህ ላይ አትራሩ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚከለክለው የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት በድምፅ የሚተላለፈውንም ይጨምራል፤ በሚኒ ሚዲያ የሚሠሩ ልጆች ይህን ከወዲሁ ቢያውቁት ይበጃቸዋል።

60 ተማሪ ላለበት ክፍል አምስት አምስት አድርጋችሁ 12 ቡድን አውጡ፦ ጠያቂ፣ ድምፅ ቀራጭ፣ ጸሐፊ፣ አጣሪና ተራኪ። አጣሪነቱን ለዝምተኛ ተማሪ መስጠት ጥሩ ነው፤ የመናገር ፍርሃት ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ጥሩ አድማጭ ነው። ታሪኩ ከ3 ደቂቃ አይብለጥ። የ12ቱ ድምር 36 ደቂቃ ስለሆነ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሁሉንም ላሰማ ካላችሁ ለውይይት አራት ደቂቃ ብቻ ይቀራችኋል፤ ስለዚህ ለሁለት ቀን ክፈሉት።

ቀረጻን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ ነው። ባዶ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ያስተጋባል፤ ከተናጋሪው ጀርባና ጎን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ወይም መጻሕፍት ወደሞሉት ክፍል ሂዱ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ አቁሙ፤ ያ ድምፅ በኋላ አይጸዳም። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ፈ» ላይ ትንፋሹ ይመታዋል። ጥሪ እንዳይገባ ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት። ሲጨርሱ ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ የክፍሉን ጸጥታ ይቅረጹ፤ በተቆረጠው ቦታ ሲገባ ስፌቱ አይሰማም።

ጠያቂዎችን በተለይ አንድ ነገር አስለምዱ፦ ሰው ሲያወራ «እሺ፣ እሺ» ማለትና ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «እ» ማለት ጨዋነታችን ነው፤ በቅጂ ላይ ግን የተናጋሪውን ቃል ይሸፍናል። በራስ ንቅናቄ ይመልሱ። «ውኃ ይቸግራችኋል?» ብሎ የጠየቀ «አዎ» ብቻ ይዞ ይመለሳል። «ዛሬ ጠዋት ውኃ ከየት ቀዳችሁ?» ያለ ግን ታሪክ ያገኛል።

ትረካውን አንብበው ሳይሆን ለጓደኛ እንደሚነግሩ ይናገሩት። «እንደሚታወቀው» እና «ከዚህም በተጨማሪ» የሚሉትን ሰርዙ። ከንግግር ሥር ሙዚቃ አታስገቡ፤ በግቢው ድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ቃሉ ይዋጣል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ድምፁ የተቀረጸው ሰው፣ ልጅ ከሆነም ወላጁ፣ የት እንደሚሰማ አውቆ ይስማማ። ተስማምቶ በማግስቱ ሐሳቡን ከለወጠ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያምር ድምፁን ከታሪኩ ውስጥ አስወግዱት፤ ምክንያቱንም ለቡድኑ በግልጽ አስረዱ።