«ብልቃጡን ይላኩልን፣ ገንዘብዎን እንመልሳለን» ተብያለሁ፤ ልላክ?

ጥያቄ፦ የ10 ወር ልጄ ጥርስ ሲያወጣ አላስተኛ ስላለኝ ቤላዶና ከተባለ ተክል የተሠራ የሆሚዮፓቲ ክኒን እንደታዘዘው ሰጠሁት። በማግስቱ ፊቱ ቀላ፣ ሰውነቱ ጋለ፣ ሽንት እምቢ አለው፣ ከዚያም አንቀጠቀጠው። ሆስፒታል ሁለት ሌሊት አድሮ ዳነልኝ፤ ሐኪሞቹ ግን ምክንያቱን አላወቁትም። ለኩባንያው ስጽፍ «የቀረውን ከነብልቃጡ ይላኩልን፣ ገንዘብዎን እንመልሳለን» አሉኝ፤ የሚፈረም ቅጽም ልከዋል። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ልጅዎን እንኳን አተረፈልዎ። ብልቃጡን አይላኩ፤ ቅጹንም አይፈርሙ። ልከውት ከሆነ የላኩበትን ደረሰኝ ይዘው ዛሬውኑ ጠበቃ ያማክሩ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርዎት። ጉድለት ያለበት ምርት ጉዳት ሲያደርስ አምራቹ፣ እንደየአገሩም አስመጪውና ሻጩ ይጠየቃሉ። በብዙ አገሮች የአምራቹን ቸልተኝነት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ ጉድለቱን፣ ጉዳቱንና የሁለቱን ግንኙነት ካስረዱ ይበቃል። ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ግን አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በጥቅሉ ጉዳቱን፣ ጉድለቱንና አምራቹን ካወቁበት ወይም ማወቅ ከነበረብዎት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው፤ ሌላ ቦታ ሊያጥር ይችላል። የት አገር እንደሚኖሩ፣ ክኒኑንም ከማን እንደገዙ አልጻፉልኝምና ከዚህ በላይ መሄድ አልችልም። ይህን ቀን የሚቆጥርልዎ በዚያው አገር ያለ ጠበቃ ነው።

ያልጻፉልኝ ሌላም ነገር አለ፤ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። «ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላወቁትም» ብለዋል። ክኒኑን እንደሰጡት ነግረዋቸው ነበር? ቤላዶና በአማርኛ አስተናግር ከሚባለው ተክል ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ዋነኛ መርዙም አትሮፒን ነው። አትሮፒን ቆዳ ያቀላል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፤ ሲበዛ ያስቃዣል፣ ያንቀጠቅጣል። የቤላዶናን ስም የሰማ ሐኪም ቢያንስ ይጠረጥር ነበር። ስለዚህ አልነገሯቸውም ብዬ እገምታለሁ። እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ «ተፈጥሯዊ ነው» የተባለውን ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም። «ሌላ የሰጡት መድኃኒት አለ?» ሲባል «የለም» ይላል፤ «የለም» ተብሎም ካርዱ ላይ ይጻፋል። የኩባንያው ጠበቃ መጀመሪያ የሚፈልገው ያችን መስመር ነው። ቀጥሎ «ልጁን ያንቀጠቀጠው ትኩሳት ነው» ይላል፤ በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ብቻውን ሊያንቀጠቅጥ ስለሚችል ክርክሩ ባዶ አይደለም።

የተጻፈውን ማስፋቅ አይቻልም፤ እንዳይሞክሩትም። ይልቅ ወደ ሐኪሙ ተመልሰው የሰጡትን ክኒን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ይንገሩ፤ በዛሬው ቀን፣ ዘግይቶ የተነገረ ተብሎ ይመዝገብልዎ። የካርዱን ሙሉ ግልባጭ ይጠይቁ። የዓይኑ ብሌን ተመዝግቦ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ከልጁ የተወሰደ ደም ወይም ሽንት ተርፎ እንደሆነ እንዳይጣል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ላቦራቶሪ ናሙና ለረጅም ጊዜ አያስቀምጥም።

«እንደታዘዘው» ያሉትንም ልመለስበት። ስንት ፍሬ፣ በየስንት ሰዓቱ? ሕፃን ሌሊቱን ሲያለቅስ እጅ እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ አልፈርድብዎትም። ግን ለጠበቃዎ እቅጩን ይንገሩት፤ የሚነግሩትን በምስጢር የመያዝ ግዴታ አለበት። ችሎት ላይ ከተቃራኒ ወገን አፍ ቢሰማው ግን ሊያግዝዎ አይችልም።

አሁን ወደ ብልቃጡ። ሰዎች በተደጋጋሚ መብታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን እ.ኤ.አ. በ1796 የጀመረው ሆሚዮፓቲ የተባለው ሕክምና መነሻውን ተክል ደጋግሞ ያቀጥነዋል። መለያው ላይ ካለው ቁጥር ጎን «ኤክስ» ካለ በየእርከኑ አንድ አሥረኛ፣ «ሲ» ካለ አንድ መቶኛ ማለት ነው። 6 ኤክስ ከሚሊዮን አንድ ነው። 12 ሲ ሲደርስ ከተክሉ አንዲት ሞለኪውል መገኘቷም ያጠራጥራል፤ 30 ሲ ላይ ተስፋ የለም። እንግዲህ የኩባንያው መከላከያ ምን እንደሚሆን ይገመታል፦ «ክኒናችን ውስጥ ሕፃን የሚጎዳ መጠን የለም።» መድኃኒት ለሚሸጥ ሰው እንግዳ መከራከሪያ ነው፤ ችሎት ላይ ግን ያስኬዳል። ይህን ለማፍረስ ልጅዎ ከዋጠበት ብልቃጥ የቀሩት ክኒኖች ተመርምረው፣ ከተጻፈው በላይ መርዝ ከመገኘቱ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ይህ በእውን የደረሰ ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለ ሆሚዮፓቲ የጥርስ ክኒኖች እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2016 አስጠንቅቆ ነበር። በጃንዋሪ 2017 ባወጣው የላቦራቶሪ ውጤት ደግሞ በአንዳንዶቹ ውስጥ የቤላዶናው መጠን ወጥ እንዳልሆነ፣ አንዳንዴም መለያው ላይ ከተጻፈው እጅግ እንደሚበልጥ አስታውቋል። መጠኑ ወጥ ካልሆነ እያንዳንዱ የቀረ ፍሬ ለብቻው ማስረጃ ነው። «ሌላ ገዝቼ አስመረምራለሁ» አይበሉ፤ የምርት ቁጥሩ ከተለየ የሌላ ምርት ውጤት ይሆንብዎታል።

ብልቃጡን፣ ካርቶኑንና ውስጥ ያለውን ወረቀት የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ክኒኖቹን ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡ። ከነብልቃጡ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ያሽጉት፤ ቀኑን ጽፈው ልጅ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ይቆልፉበት፤ ቁልፉ ማን ጋ እንደነበረም ይመዝግቡ። ራስዎ ላቦራቶሪ አይውሰዱት። ምርመራው ናሙናውን ያጠፋዋል፤ ሌላው ወገን ሳያውቅ የተደረገ ምርመራ ደግሞ ለክርክር በር ይከፍታል። ጠበቃዎ አስቀድሞ ለኩባንያው አሳውቆ ያስመርምረው።

ቅጹን ሳላየው መናገር አልችልም። እንዲህ ባሉ ቅጾች ግን «ገንዘቤን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር ታች በደቃቅ ፊደል ይገባል። ቼክ ከተላከልዎም ከመመንዘርዎ በፊት ጠበቃ ያሳዩት፤ መመንዘሩ እንደ ስምምነት ሊቆጠር ይችላል። በልጁ ስም መብት መተው በብዙ አገር የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በዚያ ተማምነው ግን አይፈርሙ። ለኩባንያው «ምርቱ ለማስረጃ ተይዟል፣ ጠበቃዬ ያነጋግራችኋል» የሚል አጭር መልስ ይበቃል።

ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ያመልክቱ፤ ያመለከቱበትን ቁጥር ይያዙ። ከዚሁ ብልቃጥ ለሌላ እናት አካፍለው ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ይደውሉላት። ለልጇ እንዳትሰጥ፣ ሰጥታ ከሆነም ሐኪም እንድታሳይ ይንገሯት። የቀራትን ግን እንዳትጥል።