ልጄን ሳነሣ አውራ ጣቴ ሥር ለምን ያመኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምኖረው፤ የ4 ወር ሕፃን አለኝ። ከወር ወዲህ ቀኝ እጄን ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ድረስ ያመኛል። ልጄን ከአልጋ ሳነሣና የሽንት ጨርቅ ስጨምቅ እንደ ስለት ይወጋኛል። እናቴ «ወለምታ ነው» ብላ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ፤ 2 ጊዜ ታሽቼ ጭራሽ አበጠ። ከፋርማሲ የገዛሁት የአንጓ ላስቲክም አልረዳኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን በሰላም ተገላገሉ፤ ልጅዎን ያሳድግልዎ። የነገሩን ወለምታ አይመስልም። ወለምታ ከመውደቅ ወይም ከመጠምዘዝ በኋላ ድንገት የሚመጣ ነው፤ የእርስዎ ሕመም ግን ቀስ በቀስ የመጣ ነው።

አውራ ጣትን የሚከፍቱና የሚያቀኑ 2 ጅማቶች ከክንድ ተነሥተው በአንጓው ጎን፣ በአጥንቱና በላዩ በተጋደመው ጠንካራ ሽፋን መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ። ሽፋኑ ሲወፍር መተላለፊያው ይጠባል፤ ጣቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጅማቶቹ ይፋተጋሉ። ስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቫን እ.ኤ.አ. በ1895 ስለገለጸው ሕመሙ በእሱ ስም ይጠራል። አራስ እናቶች ላይ የተለመደ ነው።

ችግሩ መጥበብ በመሆኑ መታሸት አይጠቅመውም፤ የቆሰለውን ሽፋን መጫንና መጎተት ይበልጥ ያሳብጠዋል። እባክዎ ከእንግዲህ አይታሹ። ላስቲኩም ያልረዳዎ አንጓውን ብቻ ስለሚይዝ ነው፤ አውራ ጣቱ እንደ ልቡ ሲንቀሳቀስ ይውላል።

ቤትዎ ሆነው ይሞክሩት፦ አውራ ጣትዎን መዳፍዎ ውስጥ አጥፈው በቀሩት ጣቶች ይሸፍኑ፤ ከዚያ አንጓውን በዝግታ ወደ ትንሿ ጣት ያዘንብሉ። ከአውራ ጣቱ በላይ ባለው የአንጓ አጥንት ላይ ስል ሕመም ከተሰማዎ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጤነኛ እጅም ትንሽ ሊሳብ ስለሚችል ከግራው ጋር ያነጻጽሩ፤ ካመመዎ ወዲያው ያቁሙ፣ አይደጋግሙት።

ከሁሉ በፊት የሚቀየረው ልጅዎን የሚያነሡበት መንገድ ነው። ብብቱን በሁለት እጅ ይዘው፣ አውራ ጣትዎን ከፍተው ሲያነሡት ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በእነዚያ 2 ጅማቶች ላይ ነው። ይልቅስ ጎንበስ ብለው ወደ ደረትዎ ያስጠጉት፤ አንድ መዳፍ ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላው ከአንገቱና ከጀርባው ሥር ይግባ። አውራ ጣት ከሌባ ጣት ጎን ይጠጋ፣ አንጓው ቀጥ ይበል፣ ጉልበቱ ከክንድ ይምጣ። ሲያጠቡ ከክንድዎ ሥር ትራስ ያድርጉ። ጨርቁን አይጠምዝዙ፤ ሳፋው ጠርዝ ላይ በመዳፍ ተጭነው ውሃውን ያውጡ። ቡና መውቀጥና በአውራ ጣት ስልክ መጻፍም ለጊዜው ይቅር።

ማሰሪያው አውራ ጣትንም አንጓንም የሚይዝ ይሁን። ጣቱ ብርጭቆ እንደያዘ እጅ ዘና ብሎ ይቀመጥ፤ የጫፉ መገጣጠሚያ ነጻ ይሁን። ከ3 እስከ 6 ሳምንት፣ ሌሊትም ጭምር ይታሰራል፤ ለመታጠብና ጣቱን በዝግታ ለማንቀሳቀስ ብቻ ይፈታል። ጣቶችዎ ከደነዘዙ ጠብቋልና ያላሉት። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በቀን 3 ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያድርጉ። ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ በየ8 ሰዓቱ ለ5 ቀን መውሰድ ይቻላል፤ ጡት ለሚያጠባ እናትም ይፈቀዳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ካለብዎ ግን አይውሰዱት፤ ፓራሲታሞል ይሻላል።

በዚህ ካልተሻለዎ በጤና ጣቢያዎ በኩል ወደ አጥንት ሐኪም ሪፈር ይጻፍልዎ። ሐኪሙ መተላለፊያው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ሊወጋ ይችላል፤ ብዙ ሰው በ1 መርፌ ይድናል። ለ1 ወይም 2 ቀን ሕመሙ ሊብስ፣ የተወጋው ቆዳም ሊነጣ እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁ፤ ንጣቱ በእኛ ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ስኳርዎ ለቀናት ከፍ ስለሚል አስቀድመው ይንገሩ። አንዳንድ ሰው መተላለፊያው በውስጡ ግድግዳ ኖሮት ለሁለት ይከፈላል፤ መርፌው አንዱን ክፍል ብቻ ሲያገኝ ሕመሙ ይቀራል። ያኔ ቦታው ብቻ ደንዝዞ ሽፋኑ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይከፈታል።

ቦታው ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካለዎ፣ ወይም እጅዎን ተደግፈው ከወደቁ በኋላ ከመጣ፣ ማሰሪያ እየሞከሩ አይቆዩ፤ የዚያኑ ቀን ይታዩ። አንጓው ውስጥ ያለው ትንሽ አጥንት ቢሰበር በአውራ ጣቱ ሥር ስለሚያም ከዚህ ጋር ይምታታል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ሹሩባ እሠራለሁ። ሌሊት አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና መሐል ጣቴ እየደነዘዙ ይቀሰቅሱኛል፤ ሳራግፋቸው ይለቀኛል። ይኸው ሕመም ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይህ በአንጓው መሐል የሚያልፈው ነርቭ ሲጨናነቅ የሚመጣ ነው። አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ለ6 ሳምንት ሌሊት ሌሊት ይሰሩ፤ ቀን በሥራ መሐል እጅዎን ያሳርፉ። ስኳርዎንና የእንቅርት ዕጢዎን ያስመርምሩ፤ ሁለቱም ያመጡታል። በአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ከከሳ ወይም ማበጠሪያ ከእጅዎ እየወደቀ ካስቸገረዎ ነርቩ እየተጎዳ ነውና 6ቱን ሳምንት ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።