ከድሬ ወደ ባሌ ተራሮች፦ ለእናትና ለልጆች የሚሆን የእግር መንገድ

እህቴ፣ «ከድሬ ተነስቼ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ባሌ ተራሮች ፓርክ ብሄድ፣ ብዙ ሳንደክም በቀኑ የምንመለስበት የእግር መንገድ አለ?» ላልሽው፣ አለ፤ ያውም በጣም ደስ የሚል። እዚያ ሰው የሚጎዳው በርቀቱ ሳይሆን በከፍታው ነው። እኛ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሙቀት ለምደን የምንኖር ሰዎች ነን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሳነቴ የሚባለው የተራራው አምባ ደግሞ ከ4,000። ስለዚህ የትኛውን መንገድ መጀመሪያ እንደምትሄዱ አስቢበት።

አዲስ አበባ መግባት አያስፈልጋችሁም። አዳማ ላይ ታጥፋችሁ አሰላ እደሩ፤ ደጋ ስለሆነ ሰውነት ያለማምዳል። በማግስቱ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ትገባላችሁ። መግቢያ የሚከፈለውም አስጎብኚ የሚያዘውም እዚያ ጽሕፈት ቤቱ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ከዲንሾ አትራቁ። ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ያለው የጥድና የኮሶ ደን ቀስ ተብሎ ቢዞር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ እናትሽም አይከብዳትም። በድሮው አሥር ሳንቲም ላይ የምናውቀው የደጋ አጋዘን እዚያ ሰው ለምዷል። ወንዱ ቀንዱ ጥምዝ፣ በዓይኖቹ መሃል ነጭ ምልክት ያለበት፣ ግርማ ያለው እንስሳ ነው፤ ልጆቹ ካልጮኹ ቆሞ ያያችኋል። ከርከሮና የምኒልክ ድኩላም አይጠፋም። ጉልበት ከተረፋችሁ ከሰዓት ጋይሳይ ሜዳ ላይ ትንሽ ተራመዱ፤ ከአዳባ ስትመጡ ዲንሾ ሳትደርሱ የምታልፉት ሜዳ ነው።

ሳነቴን ለሁለተኛው ቀን አቆዩት። ከጎባ በመኪና ነው የሚወጣው፤ 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ እንኳ መኪና ይደርሳል። አምባው ላይ ወርዳችሁ ጅብራ በሚባለው ረጅም ተክል መሃል ግማሽ ሰዓት መራመድ ይበቃል። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን፣ ብቻውን ነው። ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን ቀስሮ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆማል፣ ከዚያ በአንዴ ይወረወራል። አቦ፣ ይህን ያየ ልጅ አይረሳውም! በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ከመንደር ውሾች የሚይዛቸው የእብድ ውሻ በሽታ ስንቱን ፈጅቷል። እባክሽ ሹፌሩ በዝግታ ይንዳ፣ ምግብም አትወርውሩላቸው።

ወደ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ የሚወስደው መንገድ ለልጆች ይረዝማል፤ ካማራችሁ ዲንሾ ፈረስ ተከራዩ።

ከኅዳር እስከ ጥር ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ወፍራም ጃኬትና ኮፍያ እዚያው ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ቀድመሽ ግዢ። እናትሽ ደም ግፊት ካለባት ሳነቴን ለሐኪሟ ሳትነግሪ አታውጫት። ላይ ሳላችሁ አንዳችሁን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው «ትንሽ እንየው» ሳትሉ ወዲያው ወደ ጎባ ውረዱ።