ልጅሽን ትተሽ ለምትሄጂው እህቴ

አሰላሙ አለይኩም እህቴ። «የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን ደሴ እናቴ ጋ ትቼ ሳውዲ ልሄድ ነው፤ ሳልሄድ ምን ላዘጋጅ?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። እኔም ልጄን በሦስት ዓመቱ እዚያው ደሴ፣ ሸዋ በር ሰፈር፣ እናቴ ጋ ትቼው ነው የሄድኩት። አራት ዓመት ሠርቼ መጣሁ። አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። አልሐምዱሊላህ፣ የራሴ ሱቅ አለኝ።

ስለ ሜዲካል፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫው) አልነግርሽም። እሱን ኤጀንሲው እስኪሰለችሽ ይነግርሻል። የልጅቷ አባት አጠገብሽ የለም ብዬም ነው የምጽፈው። ካለ ግማሹ ጣጣ ቀለለልሽ።

1. ለቪዛና ለትኬት ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍይ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቪዛውም የደርሶ መልስ ትኬቱም የአሠሪው ነው። የፓስፖርቱና የጤና ምርመራው ያንቺ ነው። እኔን አንድ ደላላ ፒያሳ ቡና ጋብዞ «ማፋጠኛ» ብሎ 20 ሺህ ጠየቀኝ። ቡናውን ጨርሼ ተነሳሁ።

2. የልጅሽ የልደት ምስክር ወረቀት ኦሪጅናሉ እናትሽ እጅ ይቅር። ውክልናም ስጫት። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የሄድኩ ቀን ወረቀቴን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ፌስታል ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። የልጄ የልደት ወረቀት መሃል ላይ ነበር፤ ልብ አላልኩትም። በዓመቱ እናቴ ኬጂ ልታስመዘግበው ስትሄድ «የልደት ወረቀት አምጪ» ተባለች። ምትክ ለማውጣት አንድ ቢሮ ሄደች። በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። «እናቱ ትምጣ።» እናቱ አረብ አገር ናት። «እንግዲያ ስትመጣ ኑ።» የስድሳ ዓመት ሴት በዚያ የደሴ ክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ ሦስት ቀን ተመላለሰች። በሦስተኛው ቀን «ውክልና የለሽም፣ ለምን ታደርቂኛለሽ?» አለቻት። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ሆኜ ውክልና ልላክ ብል ደግሞ እረፍቴ አርብ ነው፣ አርብ ኤምባሲ ዝግ ነው። ማዳሜ በሌላ ቀን አትለቀኝም። ቢላክም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካልተረጋገጠ አይሠራም። በመጨረሻ ፌስታሉን ወደ አገር ለምትመለስ የሐይቅ ልጅ ሰጠኋት። እስኪደርስ ምዝገባው አልፏል። ልጄ ያን ዓመት ቤት ዋለ። አብሮት የተወለደው የአክስቱ ልጅ ዛሬ በአንድ ክፍል ይቀድመዋል።

እዚህ እያለሽ ግን አንቺና እናትሽ መታወቂያ ይዛችሁ ውክልና የሚረጋገጥበት ቢሮ ሄዳችሁ የምትጨርሱት ነገር ነው። ውክልናው ላይ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ማሳከም፣ ሰነድ ማውጣት የሚለው አንድ በአንድ ይጻፍ። «ስለ እኔ ሆና ትሥራ» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ ካጋጠመሽ አስደግሚው።

3 ልል ነበር፣ ወሬ ያዘኝ። «ተኝታ እያለች ሹልክ በይ» ይሉሻል። እኔንም ብለውኛል፤ ሰማኋቸው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የአዲስ አበባ አውቶቡስ ልይዝ ስወጣ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጦ ነበር የተኛው። ነጠላውን ትቼለት ወጣሁ። ሲነቃ እናቴ «ሱቅ ሄዳ ነው» አለችው። ምን ታድርግ? ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት ነጠላውን ይዞ የሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ ይቀመጥ ነበር አሉ። ባለሱቁ ከረሜላ ሲሰጠው አይቀበልም። በሁለት ወሩ ስልክ ላይ መጀመሪያ ያለኝ፣ «ሱቁ ሩቅ ነው?» ነው። አንቺ ቀን፣ እያየችሽ ውጪ። ታልቅስ። ከመሄድሽ በፊትም ለሁለት ሳምንት ያህል እናትሽ ታጥባት፣ ታብላት፣ አብራት ትተኛ፤ አንቺ እዚያው ሆነሽ ዳር ዳር በይ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ስምና የልጅሽ የልደት ወረቀት ላይ «የእናት ስም» የሚለው ፊደል በፊደል አንድ ነው? የኛ አገር ሴት ፓስፖርቷ ላይ ስንት ስም አላት! ዛሬ ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። ካልገጠመ ትኬት ሳይቆረጥ ቀበሌ ሂጂ። ጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት ሰው አታገኚም።