መልስ፦ ከጀርባው ፈሳሽ ደጋግመው የሚቀዱት ለምንድን ነው?

እህቴ፣ «ጥቁር አንበሳ የተኛው ወንድሜ የፈንገስ ማጅራት ገትር ተብሎ ከጀርባው ፈሳሽ ይቀዱለታል፤ የኤችአይቪ መድኃኒትም ገና አላስጀመሩትም» ላልሽው፦ ሁለቱም ትክክለኛ አሠራር ነው።

ይህን ማጅራት ገትር የሚያመጣው ክሪፕቶኮከስ ወፍራም ሽፋን ያለው ፈንገስ ነው፤ የጭንቅላት ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ ይደፍናል። ራስ ምታቱ፣ ማስታወኩ፣ የዓይኑ ብዥታ ከዚያ ግፊት ነው። ግፊቱ ከ25 ሴንቲሜትር ውሃ (የግፊቱ መለኪያ ነው) ካለፈ እስከ 20 ድረስ ወይም በግማሽ እስኪወርድ ይቀዳል፤ ምልክቱ ካልለቀቀው በማግስቱም ይደገማል። መርፌው ላይ መለኪያ ቱቦ ካልተሰካ ቁጥሩ አይታወቅም፤ «ስንት ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ። መቀዳቱ ሽባ ያደርጋል የሚሉሽን አትስሚ፤ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው። ይልቅ ግፊቱ ሳይቀነስ ቢቀር ዓይኑን ሊያሳውረው ይችላል።

የኤችአይቪ መድኃኒቱ የሚጀመረው የፈንገሱ ሕክምና ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢጀመር የሚነቃው የሰውነት መከላከያ አንጎል ላይ እብጠት ያስነሳል።

አምፎቴሪሲን የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ከወሰደ ኩላሊቱና ፖታሲየሙ ይታይ። ከመጀመሪያው 2 ሳምንት ሕክምና በኋላ ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በቀን 800 ሚሊግራም (ባለ 200ው 4 ፍሬ) ለ8 ሳምንት፣ ከዚያ በቀን 200 ሚሊግራም ነው። «ተሻለኝ» ተብሎ የሚቋረጠው፣ በሽታውም የሚያገረሸው እዚህ ላይ ነው። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ፍሉኮናዞልን ስለሚያዳክም፣ የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።